እትዬ ከድጃ ድንኳኑን ያሰጣች ቀን

ከቡታጅራ ተደውሎ ሰው ሞተ ሲባል እኔ ቶሎ አላምንም። ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ አባትህ አረፈ ተብዬ፣ ከወልቂጤ እያለቀስኩ ሄጄ፣ አባቴን በገዛ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ቆሎ ሲቆረጥም አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ባለፈው መስከረም አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኾ "እትዬ ከድጃ አረፈች" ሲሉኝ መጀመሪያ ያልኩት "እስቲ በደንብ አጣሩ" ነበር። የደወለችው ልጇ ሰሚራ ናት። "ምኑን ላጣራ? አጠገቤ ናት እኮ" አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሷ አልነበረም፤ ስለ አባቴ ነበር። አባቴ ጋሽ ወልዴ ቡታጅራ ብቻውን ነው የሚኖረው። እናቴ ካረፈች በኋላ ከአልጋ ያስነሳችው፣ ከቤት ያስወጣችው፣ በየጠዋቱ በሩን እየደበደበች ሰው ያደረገችው ይህች ሴት ናት። እሷ ከሌለች ማን ያወጣዋል? ይህን እያሰብኩ መናኸሪያ ደረስኩ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ቆሟል። በሙስሊሞች ደንብ ሬሳ አይቆይም፤ ጠዋት ያረፈ ሰው ከሰዓት አፈር ይለብሳል። ረዳቱ "ሁለት ሰው ብቻ" እያለ ይጣራል። ሁለቱ መጥተው ሲገቡ ደግሞ "አንድ ሰው ብቻ" ይላል። ሹፌሩን ልጣላው ፈልጌ ዞር ስል እሱ እቴ፣ ተረጋግቶ ቁርሱን ይበላል።

እትዬ ከድጃን የማያውቅ ሰው ስለ እሷ ሲሰማ ደግ ሴት ትመስለዋለች። ደግ ነበረች፤ ግን ቀድሞ የሚታየው ደግነቷ አልነበረም። ቀድሞ የሚታየው አለመቀመጧ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻርፗ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚንሸራተትባት፣ ወገቧ ላይ የእድሩን እቃ ቤት ቁልፍ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ወንበር ሲሰጣት ጫፉ ላይ ነው የምታርፈው። ሻይ ሲቀርብላት ግማሹን ጠጥታ ትነሳለች። ሰፈሩ ውስጥ ግማሽ ሻይ ጥላ ያልወጣችበት ቤት የለም።

ሰፈራችን ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ እንደኛ ፕሮቴስታንት የሆነውም ተደባልቆ የሚኖርበት ነው። እድራችን ግን አንድ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብርጭቆው ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። የወጥ ድስቱ ብቻ ለየብቻ ነው፤ ስጋው ስለማይገናኝ የሙስሊሙ በአንድ ግድግዳ፣ የክርስቲያኑ በሌላው ግድግዳ ይደረደራል። የዚህ ሁሉ ጠባቂ እትዬ ከድጃ ነበረች።

ልማዱን መቼም የማያውቅ የለም። ሰው ታሞ ዓመት ቢተኛ ድንኳን አይተከልለትም። ሲሞት ግን በሕይወቱ ሰላም ብሎት የማያውቀው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጥቶ ይቀመጥለታል። እትዬ ከድጃን የሚያንገበግባት ይህ ነበር። "ወንበር የሚያስፈልገው በቁሙ ላለው ነው" ትል ነበር። "የሞተውማ ተኝቷል፣ ምን ያደርግለታል?" የእድሩ ሰብሳቢ ደንቡን ሲጠቅስባት ቁልፉን ታንቀጫቅጭበታለች።

የተዘጋ በር ካየች አታልፍም። "ቤት ሰው ይበላል" የምትለው አባባል ነበራት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲሏት እንኳ እንደ ሌላው ራሷን ነቅንቃ አትቀበልም። "መድኃኒት ቢሆንማ ሄጄ እገዛው ነበር" ትላለች። "ሰው ካልጎተቱት የት ይመጣል?"

እንከን አልነበራትም ልል አይደለም። ምስጢር አይቀመጥባትም። አንድ ጎረቤታችን ስኳር እንዳለበት ሰፈሩ ከእሱ ቀድሞ ሰምቶ ነበር፤ እሷ ጤና ጣቢያ አብራው ሄዳ፣ እሱ መድኃኒት እስኪቀበል እሷ ለመንገደኛው ሁሉ ነግራ ጨርሳ ነበር። "ብቻውን እንዳይጨነቅ ብዬ ነው" አለች ሲወቅሷት። እኔም ራሴ ለእረፍት ስመጣ እሷን ላለማግኘት በጓሮ በር የገባሁበት ጊዜ አለ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቡታጅራ ውስጥ የመጀመሪያ ዩኒፎርሙን ከእሱ እጅ የለበሰ ሰው ብዙ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ቤቱ ሰው አላጣም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እየመጡ ጸለዩ፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ምሳ አመጣ። ከዚያ ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ፣ ማንንም መውቀስ አይቻልም። አባቴ ሱቁን ዘጋ። ቀጥሎ እሑድ እሑድ ጉልበቴን አመመኝ እያለ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ። ቀጥሎ በሩን ከውስጥ መቀርቀር ጀመረ። በመጣሁ ቁጥር ልብሱ የባሰ ሰፍቶት አገኘዋለሁ። የሌላውን ሰው ልብስ በልክ ሲሰፋ የኖረ ሰው በገዛ ኮቱ ውስጥ ጠፍቶ ማየት አንጀቴን በላው።

ደም ግፊቱ አልወርድ አለ፣ እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ ገፋ። ወልቂጤ ወስጄ አስመረመርኩት። ወጣቱ ሐኪም ጊዜ ወስዶ አየውና "መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ" አለው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ "ብቻቸውን ባይውሉ ጥሩ ነው። ብቸኝነት ለግፊትም ለእንቅልፍም አይበጅም፤ ከሰው ጋር ይዋሉ" አለኝ። እኔ በርና መስኮት የምበይድ ሰው ነኝ፤ ወርክሾፑ ትእዛዝ ታቅፎ ይጠብቀኛል። ሰው ከየት አመጣለታለሁ? ቡታጅራ መለስኩትና የሐኪሙን ቃል ለእትዬ ከድጃ ነገርኳት።

"ታዘዘለት ማለት ነው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ሰው። ሐኪሙ ሰው አዘዘለት?"

"እንደዚያ በይው።"

"በቃ፣ ክኒኑን እሱ ይዋጥ፣ ሰዉን እኔ አመጣለሁ።"

ከማግሥቱ ጀምሮ የቆርቆሮ በሩን በድንጋይ መደብደብ ያዘች። "ጋሽ ወልዴ፣ ተነስ፣ ሐኪም አዟል" ትላለች። አባቴ ከውስጥ "ተኝቻለሁ" ይላል። "ተኝቶ የሚያወራ ሰው አላየሁም" ትለዋለች። እሱ አይከፍትም፣ እሷም ትሄዳለች፣ ግን ሌላ ሰው አስከትላ ትመለሳለች። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። በሩ አልተከፈተም። ማታ ማታ ስደውልለት ድምፁ እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን "ልጄ፣ ቀኑ አልመሽ አለኝ እኮ" አለኝ። አባቴን ላጣው እንደሆነ ገባኝ፣ ፈራሁም።

ከዚያ ድንኳኑ መጣ። በዚያ ሰሞን ሲዘንብ ሰንብቶ የእድሩ ድንኳን ከአንድ ለቅሶ ርሶ ገብቶ ነበር። እርጥብ ድንኳን ተጣጥፎ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ተዘርግቶ ፀሐይ ሊመታው ይገባል፣ ይህም የጠባቂዋ ሥራ ነው። ሁልጊዜ የሚሰጣው በእቃ ቤቱ ጓሮ ነበር። የዚያን ቀን ግን እትዬ ከድጃ በባጃጅ አስጭና አምጥታ አባቴ በር ላይ አስተከለችው። ምሰሶው ቆመ፣ ሸራው ተወጠረ፣ አግዳሚዎቹም ተደረደሩ። ወንበሩም ርሶ ነበር አለች በኋላ ስትጠየቅ።

የብቸኛ በሽተኛ ሽማግሌ በር ላይ ድንኳን ተተክሎ ሲታይ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጀመሪያ ያየችው ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ "ወይኔ ጋሽ ወልዴ" እያለች ተቀመጠች። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን አይታ አለቀሰች። ከገበያ የሚመለሱ የመስቃን ገበሬዎች ሸክማቸውን አውርደው ገቡ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መጡ፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎችም መጡ። አንዱ ቸኩሎ ለእኔ ደወለ። "አይዞህ፣ የሁላችንም መንገድ ነው" አለኝ። ያን ጉዞ እንዴት እንደተጓዝኩት ዛሬም አላውቅም።

አባቴ ለቅሶውን ከውስጥ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም። በኋላ እንደነገረኝ መጀመሪያ ትራሱን ጆሮው ላይ አደረገ። ጩኸቱ እየበረታ ሲሄድ ግን የማን ቤት ነው ብሎ ተጨነቀ። ለጎረቤት ለቅሶ አለመውጣት እኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ሰው ለራሱ ባይነሳ ለሌላው ሬሳ ይነሳል። ጋቢውን ደረበ፣ መቀርቀሪያውን ሳበና ወጣ። በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት ዝቅ ብሎ "ማን ነው የሞተው?" አላት።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችውና ድምፅዋ ተቋረጠ። ከእሷ ወደ ቀጣይዋ፣ ከቀጣይዋ ወደ ኋላው እያለ ለቅሶው በሙሉ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ "ቢስሚላህ" ብለው ከአግዳሚው ተነሱ።

"ጋሽ ወልዴ፣ አንተ ነህ?" አለችው ሴትየዋ።

"እኔ መሆኔንማ አውቃለሁ። የሞተው ማን ነው?"

"አንተ" አለችው።

እትዬ ከድጃ ከድንኳኑ ጀርባ ገመድ እያጠበቀች ነበር አሉ። ብቅ ብላ "ማንም አልሞተም፤ ድንኳን እያደረቅኩ ነው" አለች። "ሰዉን ምን አስለቀሰው?"

እኔ ስደርስ ማንም አልሄደም ነበር። ሥራውን ጥሎ የመጣ ሰው እንዲሁ አይበተንም። ሻይ ተፈልቷል፣ ቆሎ ይዞራል፣ አባቴ መሐል ተቀምጧል። አንድ ሰውዬ አባቴን ሊቀብር መጥቶ አሁን ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስለ እሱ ያወራል፤ ልጅ ሆኖ አባቱ በሞተበት ዓመት የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ያለ ምንም ክፍያ እንደሰፋለት። አባቴ አንገቱን ደፍቶ "ቀጥል፣ ቀጥል" ይለዋል። እኔ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሜ መሳቅም መጮህም አቃተኝ። ሄጄ እላዩ ላይ ተደፋሁ። "ምን ሆነሃል አንተ?" አለኝ። "እንካ፣ ቆሎ ያዝ።"

ከዚያ ንዴቴን እሷ ላይ አወረድኩ። ከእኔ ሌላ የተቆጡም ነበሩ፤ ሰብሳቢው የእድር ድንኳን መጫወቻ አይደለም ብሎ ደነፋ። "ደንቡ ይድረቅ ይላል" አለችው። "የት ይድረቅ አይልም።" እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ ልለቃት አልፈለግኩም። ጠጋ ብዬ "እትዬ፣ እውነት ለማድረቅ ብቻ ነው? እስቲ ወላሂ በይ" አልኳት። እትዬ ከድጃ በቀን ሃያ ጊዜ ወላሂ የምትል ሴት ናት። ያኔ ግን አየት አደረገችኝና ወደ ገመዷ ዞረች። አልማለችም።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሰው ሲገባና ሲወጣ ሸራው ተቀዷል፣ የሚሰፋው ደግሞ አንተ ነህ ብላ እትዬ ከድጃ ድንኳኑን ይዛ ቆማለች። አባቴ ምን ይበል? ለእሱ ለቅሶ ተተክሎ የተቀደደ ነው። የስፌት መኪናውን ወደ ደጅ አወጣ፣ ምክንያቱም ድንኳን ቤት ውስጥ አይሰፋም፤ ሰፋ ያለ ቦታና ጫፉን የሚይዝ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ያን ሁሉ እጅ እሷ ሰበሰበችው፤ ጡረታ የወጡ፣ ባል የሞተባቸው፣ ወገባቸውን ያመማቸው፣ ቀኑ የማይመሽላቸው ሁሉ መጡ። አባቴ መርፌው ሥር ጨርቁን ይገፋል፣ እነሱ ዳር ዳሩን ይዘው ይከተሉታል፣ ወሬው አይቋረጥም። ክኒን መዋጡን የረሳ ካለ ከእነሱ አንዱ ያስታውሰዋል። የቀኑ ስፌት ሲያልቅ እግራችን እንዳይተሳሰር ብለው አንድ ዙር ሄደው ይመለሳሉ።

ያ ድንኳን እስከ ዛሬ ተሰፍቶ አላለቀም። አንዱ ሲደፈን ሌላው ይቀደዳል። ሰው እንዲህ በጥንቃቄ የያዘው ሸራ በራሱ እንደማይቀደድ የብረት ሠራተኛም ያውቃል፤ ግን እጇ ላይ መቀስ አይቼባት ስለማላውቅ ምንም አልልም። ያየሁትን ልናገር፦ አባቴ ወፈር አለ። እንቅልፉ ተመለሰ። ጤና ጣቢያ ሲለካ ግፊቱ ወረደለት፤ መድኃኒቱን ግን አላቋረጠም፣ ይህን እትዬ ከድጃም ትቆጣጠረው ነበር። ኮቱም እንደገና በልኩ ሆነ።

እሷም ሁልጊዜ አይሳካላትም ነበር። ከሰፈሩ አንዲት ሴት ልጇ ሞቶባት በር ዘግታ ስትቀመጥ እትዬ ከድጃ እንደ ልማዷ ድንጋይ አንስታ ደበደበች። ሴትየዋ ወጥታ "ተይኝ፣ የእኔን ሐዘን ድንኳን አታድርቂበት" አለቻት። እትዬ ከድጃ በሩ አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ፀሐዩ እስኪበረታ አልተነሳችም፣ በሩንም መልሳ አልነካችም። በመጨረሻ ሴትየዋ ራሷ ሻይ ይዛላት ወጣች። አባቴ በዓይኑ አይቷል፤ ያን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰች።

አንድ ቀን ከቡኢ ከተማ በአንድ መኪና ስንመለስ ጠይቄያታለሁ። ይህን ሁሉ ለምን ታደርጊያለሽ፣ ምን ደርሶብሽ ነው አልኳት። አንዳች ታሪክ ጠብቄ ነበር። "ቁጭ ስል ያመኛል" አለችኝና በመስኮት አንድ የምታውቀውን ሰው አይታ መኪናው ይቁምልኝ አለች።

ያመኛል ያለችው እውነት ነበር። ይህን የሰማሁት አሁን ነው፣ ከቀብሩ በኋላ። ቀብሩ አመለጠኝ። ሚኒባሱ ተራራው ላይ ጭጋግ ይዞት ሲንፏቀቅ ቆይቶ እኔ ስደርስ ወንዶቹ ጫማቸው አፈር እንደያዘ እየተመለሱ ነበር። ሰሚራ ድንኳኑ ዳር ተቀብላኝ፣ እናቷ ልቧ ደካማ እንደሆነና እንድታርፍ ከሐኪም ከተነገራት ዓመታት እንዳለፉ ነገረችኝ። ማንም እንዳይሰማ ሰሚራን አስምላታለች፤ የሰውን ሁሉ በሽታ ስታወራ የኖረች ሴት የራሷን ደበቀች። የሞተችውም ከአንድ ሕመምተኛ ቤት ወደ ሌላው ስትሄድ መንገድ ላይ ነው።

"ብታርፍ ኖሮ ትኖር ነበር?" አልኳት።

"ብታርፍ ኖሮ እስካሁን የምትቆይ አይመስለኝም" አለች ሰሚራ። መልሳ ደግሞ "እኔ ምን አውቃለሁ" አለች።

እኔም አላውቅም። አባቴን ያዳነው ሩጫዋ እሷን አኑሯት ይሁን ገድሏት ልቆርጥ አልቻልኩም፣ ይከነክነኛል። አባቴን ፈልጌ አየሁት። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሰው ያናግረዋል፣ እሱ ግን አይመልስም። ከላዩ ያለው ሸራ በሙሉ የእጁ ስፌት ነው፣ ቀና ብሎ አላየውም። ሦስቱን ቀን እንዲሁ ዋለ። ቆሎ ሲዞር እጁን አልዘረጋም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ድንኳኑ ተነስቷል። አባቴ ከአልጋው አልተነሳም። ያቀረብኩለት ሻይ ቀዝቅዟል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፣ በሩም ከውስጥ ተቀርቅሯል። መንገዱን ሁሉ የፈራሁት ይኸው መጣ አልኩ። ትዕግሥት አልተሰጠኝም፤ የልብስ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ስቤ ማጨቅ ጀመርኩ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለኝ ሳይዞር።

"ወልቂጤ ትሄዳለህ። ከእንግዲህ እዚህ ብቻህን አትውልም። ክፍል አለህ፣ የልጅ ልጆችህ አሉ፣ ክሊኒኩ ቅርብ ነው።"

ሸሚዙን አጣጥፌ ሳስገባ ቆይቶ ዞረ።

"ጎረቤትህ ማን ይባላል?" አለኝ።

"የቱ?"

"በቀኝ በኩል ያለው።"

"በሩ አረንጓዴ ነው። እኔ ነኝ የበየድኩለት።"

"ስሙን ነው የጠየቅኩህ።"

ስልኬ ላይ 'አረንጓዴ በር' ብዬ ነው የያዝኩት። ይህን ለመናገር አፈርኩ።

"በግራ ያለውስ?"

የግራው ቤት ሰዎች ከገቡ ዓመት አልፏቸዋል። ሕፃን እንዳላቸው ማታ ማታ ሲያለቅስ ሰምቼ አውቃለሁ። አንድ ሰሞን ሰው ሲገባና ሲወጣ አይቼ ምን ሆነው ይሆን ብዬ፣ ሥራ ስለነበረኝ አልፌያለሁ።

አባቴ ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ ልብስ ሲለካ እንደሚያየው ነው ያየኝ።

"ታዲያ ልጄ" አለኝ፣ "ወዴት ልትወስደኝ ነው?"

እሱ በእግሩ ዳብሶ ጫማውን አገኘና አጠለቀ፣ ጋቢውን ደረበ፣ መቀርቀሪያውን ስቦ ወጣ። እኔ የሻንጣውን ክዳን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከውጭ አንድ ሰው በስሙ ጠርቶ እንዴት አደርክ ሲለው ሰማሁት።